ጳጉሜን የሌለበት ቅጽ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ማለዳ፣ የእንጦጦ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ባለሥልጣናትና ሌሎች እንግዶች በተራራው ላይ በሚገኘው ኦብዘርቫቶሪ ተሰብስበው የአንድ ሮኬት መነሣት በቀጥታ ሥርጭት ይከታተሉ ነበር። ሮኬቱ ከቻይናው የታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ ሲነሣ፣ ከጭነቱ መካከል 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ነበረች። ያችን ቅጽበት በወረቀት ላይ እናስፍር ብንል፣ የቤጂንግ ሰው ከረፋዱ 11፡20 አለፍ ብሏል ይላል፤ ግሪኒች ላይ 3፡20 ነው፤ አዲስ አበባ ሆኖ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነብ 6፡20፤ እንጦጦ ላይ ጋቢ ደርቦ ለቆመው ደግሞ ከጠዋቱ 12፡20። ቀኑም ለአንዱ ዲሴምበር 20 ቀን 2019፣ ለሌላው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ነው። ሮኬቱ ግን የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ለፊዚክስ ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድን ቬክተር 3 እና 4 በሚሉ ቁጥሮች ብንገልጸው፣ አክሲሶቹን አዙረን 5 እና 0 ብንለው፣ የተለወጡት ቁጥሮቹ ናቸው እንጂ ቬክተሩ አይደለም። ነገሩ ራሱ ሌላ፣ የነገሩ መግለጫ ሌላ መሆኑን በመጀመሪያው ዓመት እናስተምራለን፤ በፈተናም እንጠይቃለን። ዳሩ ግን ያው ተማሪ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ድረ ገጽ መሥራት ሲጀምር ጠዋት የተማረውን በር ላይ ትቶት ይገባል። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ድረ ገጽ ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው ተጠቃሚው የሚያየውና የሚነካው ነው፤ ሳጥኑ፣ ዝርዝሩ፣ ቁልፉ። እነዚህን የገጽ ክፍሎች እንበላቸው። ሁለተኛው ከገጹ ጀርባ የተቀመጠውና ፕሮግራሙ እውነት ብሎ የያዘው መረጃ ነው፤ ሞዴል ይባላል። ሁለቱን የሚያገናኘው ሥራ በጃቫስክሪፕት ባለሙያዎች ዘንድ ዳታ ባይንዲንግ ይባላል፤ እኔ ማቆራኘት እለዋለሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኖርዌጃዊው ትሪግቨ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል በእንግድነት ሲሠራ፣ ሞዴልና እይታ ተለያይተው መቆም እንዳለባቸው ጽፎ ነበር። ጃቫስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወለድ ይህ ትምህርት 16 ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. በጋ ጥቂት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው የከተማው መብራት የሌሊቱን ሰማይ ምን ያህል እንዳደበዘዘው ሊለኩ ተነሡ። ከየካው ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ጀምረው ወደ እንጦጦ እየወጡ፣ ብርዱንና የጅቡን ድምፅ ችለው፣ በየተወሰነ ርቀት የሰማዩን ብርሃን በመለኪያ ያነባሉ። ንባቡን የሚመዘግቡበትንም ድረ ገጽ ራሳቸው ሠሩ። ገጹ ያምር ነበር። ቀኑና ሰዓቱ በአማርኛ ይገባሉ፣ ግራፉም ወዲያው ይሳላል።

ግራፉ ላይ አንድ የማይገባ ነገር ታየኝ። ጨረቃ ስትወጣ የሰማዩ ብርሃን በድንገት ይጨምራል፤ የምትወጣበት ሰዓት ደግሞ አስቀድሞ በስሌት ይታወቃል። ጨረቃ ከእኩለ ሌሊት በፊት በወጣችባቸው ሌሊቶች ንባባቸውና ስሌቱ ተስማሙ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በወጣችባቸው ሌሊቶች ግን ጨረቃዋ ከስሌቱ 50 ደቂቃ ያህል የዘገየች መሰለች። ተማሪዎቹ መለኪያውን ጠረጠሩ፤ አንደኛው ጭራሽ ተራራው ጋርዷት ይሆናል አለ። ነገር ግን ጨረቃ ከአንዱ ቀን እስከ ቀጣዩ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ስሕተቱ የ50 ደቂቃ ሳይሆን የአንድ ሙሉ ቀን ነበር።

እንዴት? ተማሪው እንጦጦ ላይ ሆኖ «ታኅሣሥ 10፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ፣ በእርሱ አእምሮ ሌሊቱ የታኅሣሥ 10 ተከታይ ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ፕሮግራሙ ግን ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ንባቡን ወደ ኋላ 24 ሰዓት ጎትቶ በታኅሣሥ 10 መባቻ ሌሊት ላይ አኖረው። ቋንቋችን ለዚህ ችግር ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ አለው፤ «ታኅሣሥ 10 ለ11 አጥቢያ» እንላለን፣ ማንም አይሳሳትም። በገጹ ላይ ግን ለአጥቢያ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ከዚህም የከፋው፣ በሞዴሉ ውስጥ የተቀመጠው ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው ቃል እንዳለ መሆኑ ነው። ተማሪዎቹ ሳጥኑን ከሞዴሉ ጋር አቆራኝተናል ይበሉ እንጂ፣ በእውነቱ ሞዴል አልነበራቸውም፤ የሳጥኑን ቅጂ ነበር ያስቀመጡት።

የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ከዚህ ችግር የወጡት በዘዴ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ዓመት ጀምሮ ቀኖችን ያለ ወርና ያለ ዓመት በተራ ይቆጥራሉ፤ የዩልዮስ ቀን ይባላል። ይህ ቀን የሚጀምረው በግሪኒች እኩለ ቀን ላይ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የእንጦጦ ሌሊት ከምሽት እስከ ንጋት በአንድ ቁጥር ሥር ይውላል። በዚህ ቆጠራ ሳተላይታችን የመጠቀችው በ2458837.64 ነው። ቁጥሩ ቤጂንግም እንጦጦም አንድ ነው። ሞዴል ማለት ይህ ነው። ታኅሣሥ፣ ዲሴምበር፣ ጠዋት፣ ረፋድ የሚባሉት ሁሉ ከእርሱ የሚወጡ እይታዎች ናቸው።

ጃቫስክሪፕትም የራሱ ተራ ቆጠራ አለው። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የግሪኒች እኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉትን ሚሊሰከንዶች ይቆጥራል፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ለ23 አጥቢያ 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ቁጥሩ ራሱ ደግ ነው። ክፋቱ የሚመጣው ቀንን ከቃል ወደ ቁጥር በሚለውጠው መሣሪያ ላይ ነው። ቋንቋው በ10 ቀን ጥድፊያ ሲሠራ ከጃቫ የተወሰደው ይህ መሣሪያ ወሮችን ከዜሮ ይጀምራል፤ ጃንዋሪ 0፣ ዲሴምበር 11 ነው። ልኩን ያለፈ ቁጥር ሲሰጡትም አይቆጣም፤ በይሉኝታ ወደሚቀጥለው ያሸጋግረዋል። ተማሪው ጥቅምት 30 ቀን 2012ን የፈረንጅ ቀን ይመስል በሁለተኛው ወር ስም ቢያስገባ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ፣ መሣሪያው ማርች 1 ቀን 2012 ብሎ ያልፋል። 13ኛውን ወር፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2012ን፣ እንዲሁ ቢሰጡት ጃንዋሪ 5 ቀን 2013 ይላል። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2020 ነበር። ስሕተት ተፈጥሯል የሚል ማስጠንቀቂያ የለም። በቤተ ሙከራ ውስጥ ዝም ብሎ የሚዋሽ መለኪያ ከተሰበረ መለኪያ ይልቅ አደገኛ መሆኑን የሠራበት ያውቀዋል።

ሌላው በየገጹ የሚታየው ነገር ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ለኢትዮጵያ ቀን፣ አንዱ ለፈረንጅ ቀን። አንዱ ሲሞላ ሌላው እንዲሞላ እርስ በርስ ያቆራኟቸዋል። አሁን መስከረም 1 ቀን 2012 ብለን እንጻፍ። ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለነበረች፣ ትክክለኛው ቀያሪ ሴፕቴምበር 12 ይላል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራው ቀያሪ ግን መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ በሚያምን ሰው የተጻፈ ከሆነ፣ ሴፕቴምበር 12ን አይቶ መስከረም 2 ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው ይህን አይቶ ሴፕቴምበር 13 ይላል፤ ያኛው መስከረም 3፤ እንዲህ እያለ ቀኑ በእግሩ ይሄዳል። ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚሰማው ጩኸት የዚሁ ዓይነት ነው፤ ውጤቱ ተመልሶ ምክንያት ሲሆን። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውና የሁለት አቅጣጫ ማቆራኘትን በስፋት ያስለመደው አንጉላር ጄኤስ ይህን አደጋ ስለሚያውቅ፣ 10 ዙር ሄዶ እሴቶቹ ካልረጉ ሥራውን አቁሞ ስሕተት ያስታውቅ ነበር።

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት የተለየ መንገድ ያዘ። መረጃ ከሞዴል ወደ ገጽ ብቻ ይወርዳል፤ ተጠቃሚው ሳጥኑን ሲነካ ሳጥኑ ራሱን አይለውጥም፣ «እንዲህ ተጽፏል» የሚል መልእክት ወደ ላይ ይልካል፤ ሞዴሉ ከተለወጠ ገጹ ከእርሱ እንደ አዲስ ይወጣል። በዚህ አሠራር የኢትዮጵያው ሳጥንና የፈረንጁ ሳጥን አይተዋወቁም። ሁለቱም አንዱን የቀን ቁጥር ነው የሚያውቁት። ተማሪዎቻችን ሪአክትን ይማራሉ፤ የሥራ ማስታወቂያ ስለሚጠይቀው። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቹ በሪአክት ውስጥም ሁለት ቀኖችን በሁለት ቦታ ያስቀምጡና አንዱን ከአንዱ ጋር ለማስማማት ሲሯሯጡ ይውላሉ። መሣሪያው የአንድ ምንጭን ነገር አያስተምርም።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልጨምር፤ አንባብያን ይታገሡኝ። የተወለድሁት ጳጉሜን 6 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ወደ ውጭ ለትምህርት ልሄድ ስሰናዳ አንድ መሥሪያ ቤት መረጃዬን በኮምፒዩተር መዘገበ። ጸሐፊዋ የወሮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ፈለገችና፣ «ጳጉሜን የለውም፤ ነሐሴ 30 ልበልልዎ?» አለችኝ። ትሕትናዋ እንጂ ጥፋቷ አልነበረም፤ ዝርዝሩን የሠራው ሰው 12 ወር ብቻ ነበር ያስገባው። እሺ አልሁ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ማስረጃዬ ሴፕቴምበር 11፣ በሌላው ሴፕቴምበር 5 የተወለድሁ ሆንሁ። የተቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱ ሰዎች አንድ መሆናቸውን አስረዳ ብሎኝ ሳምንታት አለፉ። በዚያ ዘመን ወረቀት በወረቀት ይታረቅ ነበር። ዛሬ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ፣ ባንኩም ትምህርት ቤቱም መዝገባቸውን በአንድ ቁጥር ለማገናኘት በሚሄዱበት ጊዜ፣ እነዚያ 6 ቀኖች ሁለት ሰው ያደርጉኛል።

ስለ ልደት ቀን ካነሣን፣ ከላይ ያመሰገንሁት የሚሊሰከንድ ቆጠራ እዚህ አይሠራም። ልደት በመዝገብ ላይ ቅጽበት ሳይሆን ቀን ነው። የሕፃኑን ልደት በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ብለን በሚሊሰከንድ ብናስቀምጥ፣ ያ ቅጽበት በግሪኒች ገና የቀደመው ቀን ምሽት 21 ሰዓት ነው፤ ዋሽንግተን ያለች አክስቱ ገጹን ስትከፍት ልጁ በአንድ ቀን ይቀድማል። ስለዚህ ለሮኬት መነሣት ቅጽበት፣ ለልደት የቀን ቁጥር። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ፕሮግራሙ ሳይሆን ነገሩ ነው።

ደግሞም በአገራችን የተወለዱበትን ቀን በትክክል የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። «የሰባ ሰባቱ ድርቅ ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ» የሚሉ አባት ሳጥኑ ቀን ካልጻፉ አላሳልፍም ስለሚል መስከረም 1 ወይም ጥር 1 ይሰጣቸዋል። በፊዚክስ ይህ ያልለካነውን አኃዝ እንደ መጨመር ነው፤ በክንድ የለካነውን ገመድ 2.314 ሜትር ነው ብለን ብንጽፍ መምህራችን ይሰርዝብን ነበር። ዓመቱ ብቻ ከታወቀ ሞዴሉ ዓመቱን ብቻ መያዝ ይችል ዘንድ መሠራት አለበት።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስናገር ሰምተው፣ «ታዲያ የራሳችንን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይረን እናስቀምጥ ማለትህ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። የቀን ቁጥር ፈረንጅም ሐበሻም አይደለም፤ ከሁለቱም ዘመን አቆጣጠሮች በእኩል ይገኛል፤ እንዲያውም ከእኛ ይቀልላል። እስቲ ወረቀት አውጡ። ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንሱና በ365 አባዙ፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሩ፤ ከወሩ ተራ ቁጥር 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ ከቀኑ 1 ቀንሳችሁ ደምሩ፤ በመጨረሻ 1724221 ጨምሩ። ለታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የሚወጣው 734015፣ 503፣ 90 እና 9 ነው፤ ድምሩ ከ1724221 ጋር 2458838 ይሆናል። ይህ በዚያ ዕለት እኩለ ቀን ላይ የሚውለው የዩልዮስ ቀን ቁጥር ነው። ለ7 ስታካፍሉት 4 ይቀራል፤ ሰኞን 0 ካላችሁ ዓርብ ነው። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ የፈረንጆቹን የ28 እና የ31 ቀን ጣጣ አናውቅም። ጳጉሜንም ያለ ምንም ልዩ ሕግ እንደ 13ኛ ወር በቀመሩ ውስጥ ታልፋለች።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ በባሕረ ሐሳብ የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። መነሻው አንድ ቁጥር፣ ዓመተ ዓለም ነው፤ 5500 እና ዓመተ ምሕረቱ ተደምረው። ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። መጥቅዕና አበቅቴ፣ ጾመ ነነዌና ትንሣኤ ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ምንጭ ይወርዳሉ። ትንሣኤን በቀጥታ አንሥቶ በሌላ ቀን ላይ የሚጽፍ ደብተራ የለም፤ ስሌቱ ያወጣው ይወጣል። የሪአክት መጻሕፍት በብዙ ምዕራፍ የሚያስረዱትን የአንድ አቅጣጫ ፍሰት እኛ በቤታችን ነበረን ማለቴ ማጋነን ይሆንብኛል፤ ተማሪ ግን በዚህ ምሳሌ ቢማረው ቶሎ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

መሣሪያም አልጠፋም። የዛሬዎቹ ብራውዘሮች በውስጣቸው ያለው የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ግን ካልጠየቁት አይናገርም። ራሱ ኤችቲኤምኤል የሚሰጠው የቀን ሳጥን የሚያቀብለው የግሪጎርያንን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የእኛን ሳጥን ራሳችን መሥራት ግድ ይለናል፤ 13 ወር ያለው ዝርዝር፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት የሚል ምርጫ፣ ለሌሊትም የአጥቢያ ጥያቄ። ከእ.ኤ.አ. 2025 ጀምሮ ደግሞ በፋየርፎክስ የገባው ቴምፖራል የተባለ አዲስ የጃቫስክሪፕት ክፍል ቅጽበትን ከቀን ለይቶ በተለያየ ዓይነት ያስቀምጣል፤ የእኛንም ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። የድሮውን የቀን መሣሪያ ለተማሪ ማስተማር የምናቆምበት ጊዜ የደረሰ ይመስለኛል።

ተማሪዎቼ ገጻቸውን እንደገና ሠሩት። ሳጥኑ ሌሊት የሚል ምርጫ ሲነካ አሁን «የየትኛው ቀን አጥቢያ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሞዴሉ የሚይዘው የዩልዮስን ቀን ብቻ ነው። የድሮው ንባባቸው ሲስተካከል ጨረቃዋ በየሌሊቱ በሰዓቷ ወጣች።

ድረ ገጽ የምትሠሩ አንባብያን፣ ቀን የሚቀበለውን ገጻችሁን ክፈቱና ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ብላችሁ ጻፉ። የቀኑ ቁጥር 2461660፣ የፈረንጁ ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027፣ ዕለቱም ቅዳሜ መሆን አለበት። ከዚያ የኮምፒዩተራችሁን የሰዓት ቀጠና ወደ ዋሽንግተን ቀይራችሁ ገጹን እንደገና ክፈቱት።